«ማደንዘዣው ይውጣልሽ» ስለሚባልለት ትውከት

የጤና ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ከቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚደረግ ዝግጅት ከጻፍኩ ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሕመምም ሆነ ስለ ስፌት የሚጠይቁ አልነበሩም፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚመጣው ማቅለሽለሽና ትውከት ነበሩ። ይህ እኔን አላስገረመኝም። በማገገሚያ ክፍል ውስጥ «ቁስሉንስ እችለው ነበር፣ ማስመለሱ ነው የጎዳኝ» የሚል ሕመምተኛ ሳልሰማ የምውልበት ሳምንት ጥቂት ነው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ፤ የጠያቂዎቹን ስም ትቼ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው በደብረ ማርቆስ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሐሞት ጠጠር በላፓራስኮፒ (ሆድ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ) ተሠርቶልኝ ከነቃሁበት ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ድረስ ሳስመልስ አደርኩ። ያስታምሙኝ የነበሩት አክስቴ «ማደንዘዣው ነው፣ ይውጣልሽ፣ ሆድሽ ውስጥ ከሚቀር ይሻላል» እያሉ ፌስታል ይይዙልኝ ስለነበር እኔም አምኜ ለነርሶቹ ምንም ሳልናገር ቀረሁ። አሁን የእንቅርት ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞልኛል፤ ከቢላዋው ይልቅ የሚያስፈራኝ ያ ሌሊት ነው። በነገራችን ላይ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የዓባይ በረሃን ሳላስመልስ ተሻግሬ አላውቅም። እንደገና እንዳይደርስብኝ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ «በነገራችን ላይ» ብለው በመጨረሻ ያስገቧት ዐረፍተ ነገር ለማደንዘዣ ባለሙያው ከሁሉ አስቀድማ ልትነገር የሚገባት ናት። ወደ እርሷ ከመመለሴ በፊት ግን አክስትዎ ስላሉት ነገር ልናገር፤ ከልብ አስበው የተናገሩት ቢሆንም ማደንዘዣ በትውከት አይወጣም። በጭምብል ወይም በቱቦ የሚሰጠው ጋዝ የሚገባው በሳንባ ስለሆነ የሚወጣውም በዚያው በትንፋሽ ነው። በደም ሥር የሚሰጡትን መድኃኒቶች ደግሞ ጉበት ያፈርሳቸዋል፣ ኩላሊት ያስወግዳቸዋል። በዚያ ሌሊት ከጨጓራዎ የወጣው ውሃ፣ አሲድና ሐሞት ነው፤ ሃያ ጊዜ ቢያስመልሱም ማደንዘዣው በአንዲት ደቂቃ ፈጥኖ አይለቅዎትም ነበር። ይህን ስጽፍ አክስትዎን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ከታላላቆቼ የሰማሁትን «ይውጣልዎት» ለሕመምተኞች ስደግም ኖሬያለሁ። የአባባሉ ጉዳት ሕመምተኛዋን ዝም ማሰኘቱ ነው። ይውጣ የተባለን ነገር ማንም አቁሙልኝ ብሎ አይጠይቅም።

ታዲያ ትውከቱ ከየት ይመጣል? በአንጎላችን የኋለኛ ክፍል፣ ወደ አከርካሪ በሚወርድበት ስፍራ፣ በደም ውስጥ መርዝ መኖር አለመኖሩን የምትቀምስ ትንሽ ቦታ አለች። ሌላው የአንጎል ክፍል በደም ውስጥ ከሚዘዋወረው ነገር የሚከላከልለት አጥር ሲኖረው ይህች ቦታ ግን ሥራዋ ዘበኝነት ስለሆነ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። የማደንዘዣ ጋዝም ሆነ እንደ ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ትራማዶል ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች በአጠገቧ ሲያልፉ ከተበላሸ ምግብ መርዝ ለይታ ስለማታያቸው ደወሏን ትደውላለች። ወደዚሁ የትውከት ማዘዣ ሁለት ሌሎች መስመሮችም ይደርሳሉ፤ አንደኛው ከአንጀት ሲነሣ ሁለተኛው ሚዛናችንን ከሚጠብቀው ከውስጠኛው ጆሮ የሚመጣ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ያለው ጠመዝማዛ መንገድ እርስዎን የሚያስመልስዎት በዚህ በጆሮው መስመር ነው፤ መኪና የሚያማቸው ሰዎች የማዘዣው ቦታ በትንሹ የሚነሣ በመሆኑ ከኦፕራሲዮን በኋላም ከሌላው ሰው ይልቅ ያስመልሳቸዋል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በጀርመንና በፊንላንድ የሚሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙትና ዛሬም በምንጠቀምበት መለኪያ አራት ነገሮች ይቆጠራሉ፦ ሴት መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ቀደም ሲል ከኦፕራሲዮን በኋላ ማስመለስ ወይም መኪና ላይ የማስመለስ ልማድ፣ እንዲሁም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሞርፊን መሰል ማስታገሻ የሚሰጥ መሆኑ። ከአራቱ አንዱም የሌለበት ሰው የማስመለስ ዕድሉ ከ10 ሰዎች የአንዱ ያህል ነው፤ አንድ ያለበት ከ10 የሁለት፣ ሁለት ያለበት የአራት፣ ሦስት ያለበት የስድስት፣ አራቱም የተሟሉበት ደግሞ የስምንት ሰዎች ያህል ይሆናል። እንግዲህ የእርስዎን ይቁጠሩት። ከዚህ በተጨማሪ ዕድሜ ከ50 በታች መሆንና ሐሞትን በላፓራስኮፒ መሠራት ራሳቸው የሚያባብሱ ስለሆኑ ያ ሌሊት የመጣብዎት በመጥፎ ዕድል አልነበረም፤ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነበር።

ሊታወቅ የሚችል ነገር ደግሞ ሊከላከሉት ይቻላል፤ የመከላከያው ስሌትም ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከ5000 በላይ ሕመምተኞችን ያሳተፈ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው ኦንዳንሴትሮን፣ ዴክሳሜታሶንና ድሮፔሪዶል የተባሉት መድኃኒቶች እያንዳንዳቸው ለየብቻ አደጋውን በሩብ ያህል ይቀንሳሉ፤ ሲደራረቡ ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በተረፈው ላይ፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው በተረፈው ላይ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ከመቶ 80 የነበረው በአንድ መድኃኒት ወደ 60፣ በሁለት ወደ 44፣ በሦስት ወደ 33 ይወርዳል ማለት ነው። በጋዝ ፋንታ ፕሮፖፎል የተባለውን ነጭ ማደንዘዣ እስከ መጨረሻው በደም ሥር መስጠት ሲቻል ከዚያም ዝቅ ይላል። ስለዚህ አደጋው ከፍ ላለበት ሰው አንድ መርፌ ወግቶ «መከላከያ ሰጥቼሻለሁ» ማለት በቂ አይደለም። በአገራችን ሆስፒታሎች ሁሉ ሦስቱም ሁልጊዜ ላይገኙ ይችላሉ፤ ዴክሳሜታሶን ግን ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ስለሆነ የማይሰጥበት ምክንያት ጥቂት ነው። የስኳር በሽታ ካለብዎት ለአጭር ጊዜ የደም ስኳር ስለሚጨምር አስቀድመው መናገር ይገባዎታል። ሁላችንም የምናውቀው ፕላሲል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ በተለመደው 10 ሚሊግራም መጠን እንደ መከላከያ ደካማ ነው፤ አልፎ አልፎም በተለይ በወጣቶች ላይ አንገትን የሚያጣምም፣ ዓይንን ወደ ላይ የሚያስፈጥጥ መኮማተር ያመጣል። እንዲህ ሲሆን ቤተሰብ ይደነግጣል፤ በመርፌ ግን ቶሎ የሚመለስ ነገር ነው።

በእርስዎ ላይ መከላከሉ ከምቾትም ያለፈ ጥቅም አለው። ሰው ሲያስመልስ አንገቱ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ አዲስ የተቋጠሩ የደም ሥሮች ባሉበት የእንቅርት ቁስል ላይ ይህ ግፊት መድማትን ሊያስከትል ይችላል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንገትዎ ካበጠ፣ ቢጠብዎት ወይም መተንፈስ ከከበደዎት ለደቂቃ ሳይቆዩ ነርስ ይጥሩ። ከዚያ በፊት ግን በቀጠሮዎ ቀን ወይም በዋዜማው የማደንዘዣ ባለሙያው ሊያይዎት ሲመጣ የደም ግፊትና አለርጂ እስኪጠይቅዎት አይጠብቁ። «በፊተኛው ኦፕራሲዮን ሌሊቱን ሙሉ አስመልሼ ነበር፣ መኪናም ያስመልሰኛል፣ ከአንድ በላይ መከላከያ ይሰጠኝ፣ ማስታገሻውም በተቻለ መጠን ከፓራሲታሞልና ከዳይክሎፌናክ ይጀመርልኝ» ብለው በግልጽ ይንገሩት። ዳይክሎፌናክን የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አይወስደውም፤ ደምን በመጠኑ ስለሚያቀጥንም በአንገት ኦፕራሲዮን ላይ መቼ እንደሚጀመር የቀዶ ሐኪሙ ይወስናል። ይህን መናገር ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብዎት የሚሰጉ ከሆነ ይህን ገጽ ቆርጠው ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በአዳማ በኦፕራሲዮን ወለደች። ማደንዘዣው በወገብ የተሰጠ ስለነበር አልተኛችም፤ ልጁም ሳይወጣ «ልቤን አጥወለወለኝ» ብላ ወዲያው አስመለሰች። በሙሉ ሰመመን ያልተኛች ሰው እንዴት ታስመልሳለች? በሚቀጥለውስ ብትተኛ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም፤ ምክንያቱን ልንገርዎት። በወገብ የሚሰጠው ማደንዘዣ ከወገብ በታች ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የደም ግፊት በድንገት ይወርዳል፤ በጀርባዋ የተኛች ነፍሰ ጡር ማኅፀኗ ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫነው ደግሞ ይብስባታል። ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ሲያንስ ሰውነት የሚያሰማው የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ ማጥወልወል ነው። የግፊት መለኪያው ክንድ ላይ አብጦ ንባቡን እስኪያሳይ ድረስ እናቲቱ ቀድማ ታውቀዋለች። ስለዚህ «ልቤን አጥወለወለኝ» የምትል ሴት ስታጋጥመኝ ፕላሲል ከመፈለግ በፊት እጄ የሚሄደው ወደ ግፊት መለኪያው ነው። ወደ ግራ ዘንበል ማድረግ፣ ግሉኮስ ሳይሆን ጨዋማ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት፣ እንደ ኢፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን ያለ ግፊት የሚያነሣ መድኃኒት መውጋት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያስታግሰዋል። ልጁ ከወጣ በኋላ ማኅፀን ሲሳብና በክር ሲሰፋም ማጥወልወል ይመጣል፤ መድማትን ለማቆም የሚሰጠው ኤርጎሜትሪን የተባለው መድኃኒትም ብዙ እናቶችን ያስመልሳል።

ሙሉ ሰመመን ለወላድ የሚያሰጋው እዚሁ ላይ ነው። የነፍሰ ጡር ጨጓራ ለመመለስ የተዘጋጀ ነው፤ ሰመመን ውስጥ ሆና ብታስመልስ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ነቅታ ያስመለሰች እናት ግን ራሷን አዙራ ትተፋዋለች። በወገብ ማደንዘዣ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ቢኖር በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ቁጭ ስትል የሚመጣ፣ ጋደም ስትል የሚለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ሲኖር ነው፤ እንዲህ ከሆነ የወሊድ ድካም ነው ተብሎ አይታለፍ፣ ለሆስፒታሉ ይነገር።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ቶንሲሉን ሊሠራ ነው። ጎረቤታችን ልጇ ከዚሁ ኦፕራሲዮን በኋላ ጥቁር ደም አስመልሶ ነበር ብላ አስፈራችኝ። ከምሽት ጀምሮ ምግብም ውሃም እንዳይቀምስ ባደርገው ትውከቱ ይቀንስለታል? (ከሐዋሳ፣ የልጁ አባት)

መልስ፦ ልጅዎን በጥም አያሳድሩት። ከኦፕራሲዮን በፊት የምንጾመው በሰመመን ወቅት ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው እንጂ በኋላ የሚመጣውን ትውከት ለማስቀረት አይደለም፤ እንዲያውም ተጠምቶና ፈሳሽ አጥሮት የገባ ልጅ ሲነቃ ይብስበታል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ደንብ ጠንካራ ምግብና የላም ወተት 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀረው እንዲቆም ይፈቅዳል። ሆኖም ተራው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቀው ሆስፒታሉ ስለሆነ «ውሃ እስከ ስንት ሰዓት ይጠጣ?» ብለው በቃል ይጠይቁ፤ «ከምሽቱ ጀምሮ ምንም» የሚል መልስ ቢሰጥዎት ለምን እንደሆነ መጠየቅም አያስነውርም።

ከሦስት ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ከሕፃናት የበለጠ ያስመልሳሉ፤ ቶንሲልና የሸውራራ ዓይን ኦፕራሲዮን ከሚያስመልሱት ዋነኞቹ ናቸው። እርስዎ ወይም እናቱ ወይም እኅት ወንድሞቹ ከኦፕራሲዮን በኋላ ያስመለሳችሁ ከሆነ ይህም የልጁን አደጋ ይጠቁማልና ይናገሩ። በቶንሲል ላይ የሚዋጠው ደም ጨጓራን ስለሚያስቆጣ አንድ ሁለት ጊዜ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነገር ቢያስመልስ የቆየ ደም ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ትኩስ ቀይ ደም፣ ወይም ልጁ ተኝቶ ሳለ በየጊዜው ምራቅ እንደሚውጥ ሰው ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ማየት። የሚውጠው ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወሰድ። ይህ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን ቁስሉ ቅርፊቱን በሚጥልበት ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜም ይደርሳል። ለሕመሙ ኮዴይን የተባለውን አይስጡት፤ በአንዳንድ ልጆች ላይ ትንፋሽ እስከ ማቆም ደርሷል።

ጥያቄ፦ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከኦፕራሲዮን በኋላ አያስመልስም ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ያንሰዋል፣ እውነት ነው፤ ከላይ ባለው መለኪያም አለማጨስ እንደ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ነገር ግን የአጫሽ ቁስል ዘግይቶ ይድናል፣ ሳንባውም ይታመማል። ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀድመው አቁመው ይምጡ፤ የትውከቱን ነገር ለእኛ ይተዉት።

ጥያቄ፦ እኅቴ በጎንደር የማኅፀን ኦፕራሲዮን ተደርጎላት እኔ ነኝ የማስታምማት። ነርሶቹ ብዙ ሕመምተኛ አለባቸው፤ ሁልጊዜ መጥራቱም ይከብዳል። አልጋዋ አጠገብ ሆኜ እኔ ራሴ ምን ላደርግላት እችላለሁ? ሎሚ ማሽተት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም የሚሉም አሉ።

መልስ፦ በአገራችን የአስታማሚ ሥራ ትልቅ በመሆኑ ይህን ጥያቄ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ከአቀማመጥ እንጀምር። እንቅልፍ እንቅልፍ እያላት የምታስመልስ ከሆነ በጀርባዋ አትተኛ፤ በጎኗ አዙረው ጉንጯ ትራሱ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። ነቅታ ከሆነ ትራስ አጥፈው ስፌቱ ላይ በሁለት እጇ ጫን አድርጋ እንድትይዘው ይስጧት፤ ስታስመልስ የሚመጣውን የቁስል መሳብ በእጅጉ ይቀንስላታል። ከዚያ በኋላ አፏን በውሃ ታጉመጥምጥና ትትፋ። ከአልጋ ስታነሷት በአንድ ጊዜ ብድግ አታድርጓት፤ መጀመሪያ ቀና፣ ቀጥሎ እግሯን ዝቅ አድርጋ ጥቂት ቁጭ፣ ከዚያ መቆም።

ምግብን በተመለከተ ከእኛ ባህል ጋር ትንሽ ልጣላ ነው። ጠያቂ ሁሉ አጥሚትና ቅቅል ይዞ ይመጣና «ባዶ ሆድሽን እንዴት ይሆናል፣ እስቲ አንድ ጊዜ ጉንጭሽ ላይ» እያለ ያስጨንቃል። ሕመምተኛዋ ላለማስቀየም ትውጠዋለች፤ ጠያቂው ወጥቶ በሩ ሳይዘጋ ይመለሳል። አንጀት ሥራ ለመጀመር ጊዜውን ይፈልጋል። ሐኪሙ መጠጣት ከፈቀደላት በኋላ በማንኪያ፣ በየአምስት ደቂቃው፣ ውሃ ወይም ቀጭን ሻይ ይስጧት፤ ያ ከተቀመጠላት መጠኑን ይጨምሩ፤ ምግቡ ራሷ «ራበኝ» ስትል ይምጣ። የቅቅሉ ጠረን፣ ዕጣኑ፣ የጠያቂዋ ሽቶ፣ በኮሪደሩ የሚቆላው ቡና ሁሉም ያቅለሸልሻሉ፤ መስኮት ከፍተው ጠያቂውን በትሕትና ወደ ውጭ ይሸኙ።

ሎሚውን ታሽት፣ አይጎዳትም፤ ለአንዳንዱ ሰው ልቡን ያረጋጋለታል። ከሎሚው የተሻለ መረጃ ያለው ግን ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ቆዳ የምትጠርግበት የአልኮል ጥጥ ነው፤ ከአፍንጫ ራቅ አድርጎ ይዞ ሦስት ጊዜ በአፍንጫ በረጅሙ መሳብ ማቅለሽለሹን ቶሎ እንደሚያበርድ ታይቷል። ሌላም ያለ ወጪ የሚሞከር ነገር አለ። ከእጅ አንጓ መስመር ሦስት ጣት ወደ ክርን ወጣ ብሎ፣ በውስጠኛው በኩል፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ያለውን ቦታ በአውራ ጣት ጠበቅ አድርጎ መጫን በብዙ ጥናቶች ተሞክሮ ከመድኃኒቶቹ ጋር የሚቀራረብ ጥቅም አሳይቷል። መጀመሪያ ስሰማው እኔም ፈገግ ብዬ ነበር፤ አሁን አስታማሚዎችን ቦታውን እያሳየሁ አስተምራለሁ። ዝንጅብል በመጠኑ ሊረዳ ይችላል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን ይቅርባት። ጤና አዳምን በዚህ ጊዜ በባዶ ጨጓራ ላይ አልመክርም።

ነርስ መጥራት አይክበድዎት፤ ነገር ግን ቆጥረው ይጥሩ። «እያስመለሳት ነው» ከማለት «ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አራት ጊዜ፣ ቢጫ፣ ከትራማዶሉ መርፌ በኋላ ብሶባታል» ማለት ብዙ ይናገራል። በዚህ ላይ ቀድሞ የተሰጣት መድኃኒት ኦንዳንሴትሮን ከነበረና ስድስት ሰዓት ካልሞላ ያንኑ መድገም ብዙም ስለማይጠቅም የሌላ ዓይነት ይፈለጋል። ትውከቱን ፈርታ ማስታገሻ አልፈልግም ብትል ደግሞ አይቀበሏት፤ ያልታገሰ ሕመም ራሱ ያቅለሸልሻልና ማስታገሻው ይቀየርላት እንጂ አይከልከል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ነው። ለቡአ ኦፕራሲዮን ዕለቱን ገብቼ ዕለቱን እንድወጣ ተነግሮኛል። ሐኪሜ ከጆሮዬ ጀርባ የሚለጠፍ ነገር አዝዞልኛል። ለክብደት ደግሞ በየሳምንቱ ኦዜምፒክ እወጋለሁ፤ ይህን ለማደንዘዣ ክፍሉ አልነገርኩም። ግንኙነት አለው?

መልስ፦ አለው፣ ዛሬውኑ ደውለው ይንገሩ። ኦዜምፒክና ቤተሰቦቹ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳያወርድ ያደርጋሉ፤ እርስዎ እንደ ታዘዙት ቢጾሙም ጨጓራዎ ሙሉ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በሰመመን ወቅት ለሳንባ አደገኛ ነው። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 በሳምንት አንዴ የሚወጋው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲቆም ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በ2024 ማኅበሩ ከሌሎች የሐኪሞች ማኅበራት ጋር ያወጣው የጋራ መመሪያ ግን ለብዙዎቹ መድኃኒቱን መቀጠል እንደሚቻልና አደጋው ከፍ ያለባቸው በዋዜማው 24 ሰዓት ፈሳሽ ምግብ ብቻ እንዲወስዱ ይላል። መድኃኒቱን ገና የጀመሩ፣ መጠኑን እያሳደጉ ያሉ፣ ወይም አሁንም የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች የበለጠ ያሰጋሉ። የትኛው ለእርስዎ እንደሚሆን የሚወስነው ክፍሉ ነው፤ ራስዎ ቆርጠው አያቁሙ፣ በተለይ የሚወስዱት ለስኳር ከሆነ።

ተለጣፊው ስኮፖላሚን ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በዋዜማው ምሽት ጠጉር በሌለበት ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ከለጠፉት በኋላ እጅዎን ይታጠቡ፤ በነካኩት ጣት ዓይንዎን ቢያሹ ብሌኑ ሰፍቶ ቀኑን ሙሉ ይደበዝዝብዎታል። አፍ ያደርቃል፤ ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ሕመም) ላለበት አይሆንም፤ አረጋውያንንም ግራ ያጋባል። ሌላው መርሳት የሌለብዎት ነገር ዕለቱን ወደ ቤት የሚሸኙ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ በሆስፒታል የተሰጠው መርፌ ኃይሉ የሚያልቀው መኪናው ውስጥ ነውና። በአገራችሁ በተደረገ ጥናት እንዲህ ከሚሸኙት ከሦስት ሰዎች ከአንድ በላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አቅለሽልሿቸዋል ወይም አስመልሰዋል። ከመውጣትዎ በፊት ምላስ ላይ የሚሟሟውን ኦንዳንሴትሮን ጠይቀው ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአምስት ቀን በፊት ትርፍ አንጀት ተሠርተው ወደ ቤት መጥተዋል። ከትናንት ጀምሮ አረንጓዴ ያስመልሳቸዋል፣ ሆዳቸው ተነፍቷል። ጎረቤቶች የማደንዘዣው ርዝራዥ ነው ይላሉ። ምን ላጠጣቸው? (ከደሴ)

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ እስኪታተም አልተጠበቀም። በደረሰን ሰዓት ዝግጅት ክፍሉ በተጻፈው ስልክ ደውሎ ምንም ሳያጠጧቸው ወደተሠሩበት ሆስፒታል እንዲወስዷቸው ነግሯቸዋል። ለሌሎች አንባቢያን ሲባል ምክንያቱን እጽፋለሁ። የማደንዘዣ ትውከት በመጀመሪያው ቀን፣ ቢበዛ በሁለተኛው ቀን ያልቃል፤ በአምስተኛው ቀን የሚጀምር ትውከት ሌላ ስም አለው። አረንጓዴው ሐሞት ነው፤ ከተነፋ ሆድ ጋር ሲመጣ አንጀት ሥራ አቁሟል ወይም አንዱ ከአንዱ ተጣብቆ ተዘግቷል ተብሎ ይፈራል። ሐኪሞች በየጠዋቱ አልጋ ለአልጋ ሲዞሩ «አየር ወጣ?» ብለው የሚጠይቁት፣ ሕመምተኞችም አፍረው አንገታቸውን የሚደፉበት ጥያቄ ስለዚሁ ነው። እንዲሁም ትኩሳት፣ በትውከት ውስጥ ደም፣ ለአንድ ሙሉ ቀን ውሃ እንኳ አለመቀመጥ፣ ስምንት ሰዓት ያህል ሽንት አለመሽናት፣ ከሐሞት ኦፕራሲዮን በኋላ የዓይን ቢጫ መሆን ቤት ውስጥ የሚታከሙ አይደሉም።

ልጃቸው በኋላ እንደ ገለጹልን እናታቸው በአፍንጫቸው ቱቦ ገብቶላቸው፣ ፈሳሽ በደም ሥር እየተሰጣቸው፣ ሁለተኛ ቢላዋ ሳያስፈልጋቸው በሆስፒታል ቆዩ። በገቡ በአራተኛው ቀን ጠዋት ለዝግጅት ክፍሉ ከልጃቸው ስልክ «አየር ወጣ» የምትል ሁለት ቃል መልእክት ደረሰች።